ከዓይን የተሰወረ ዘቢብ

እንደ እኛ መሸፈን የሚወድ ሕዝብ ይኖር ይሆን እላለሁ አንዳንድ ጊዜ። እንጀራው ይሸፈናል። ጠላው ይሸፈናል። ሙሽራዋ ትሸፈናለች። አራስ ልጅማ ከነመተንፈሻው ነው የሚሸፈነው። ታቦቱ እንኳ ለጥምቀት ወደ ቀሐ ወንዝ ሲወርድ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ነው፤ እሱ እንግዲህ ለክብር ነው፣ አልነካውም። እኔ ራሴ ወጣትነቴን የጨረስኩት ቅኔ ቤት ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ የሚያስተምሩት ምንድን ነው? ነገርን መሸፈን። ኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሆኜ «በግልጽ ጻፉ!» እያልኩ ተማሪ ስቆጣ፣ የቅኔ መምህሬ ቢሰሙኝ ምን ይሉ ይሆን ብዬ መሳቀቄ አልቀረም።

መሸፈን ጥሩ ነው። ከአቧራ ያድናል። ከዝንብ ያድናል። ከሁሉ በላይ ከሰው ዓይን ያድናል። ነገር ግን ካልተገለጠ የማይሆን ነገርም አለ። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከወይን ነው። ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርልህ።

ጣሊያን ከጎንደር ከለቀቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ፣ ከዳገቱ ግርጌ አንድ ቤት ተከራየሁ። ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው። ቀድሞ አንድ ጣሊያን ይኖርበት ነበር አሉ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሰውዬውን እንግሊዝ ወሰደው። ማኪናውንም እንግሊዝ ወሰደው። ከጓሮ የተከለውን ወይን ግን ማን ይንካው? ሥር ያለው ነገር አይማረክም። እዚያው ቀርቶ፣ እንጨቱ ላይ እየተጠማዘዘ፣ በየዓመቱ የካቲት ሲገባ እንደ ሬት የጠቆረ ዘለላ ያንጠለጥላል።

ቤቱን የምታስተዳድረው ታላቅ እህቴ እትዬ አሰገደች ነበረች። እኔ ያኔ ሚስት አላገባሁም። እሷ ደግሞ ባሏ ሞቶባት፣ ያለቻትን አንዲት ልጅ አልማዝን ለኮላ ድባ ሰው ድራ፣ እኔን ልትመግብ መጣች። ልትመግብ መጣች ልበል እንጂ ዋና ሥራዋ መጨነቅ ነበር። በጭንቀት እንደ እትዬ የተካነ ሰው አላየሁም። ዝናብ ሲቀር ትጨነቃለች፤ ሲዘንብ ደግሞ ለምን እንዲህ በዛ ብላ ትጨነቃለች። ምንም የሚያስጨንቅ ነገር ከጠፋ «ይኼ ዝምታ ደግ አይመስለኝም» ትላለች።

ባትጨነቅ ነው የሚገርመው። አልማዝ ደጋግማ አርግዛ ደጋግሞ ወርዶባታል። እንደገና ስታረግዝ እትዬ ከደብራችን ደጅ ወድቃ ተሳለች። «እመቤቴ፣ ይኼን ልጅ ካሳቀፍሽኝ፣ ለግንቦት ልደታ ቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ፣ በገዛ እጄ አድርቄ አስገባለሁ።»

መቼም ታውቃለህ፣ ያለ ዘቢብ ቅዳሴ የለም። ቁርባኑ ከእሱ ነው። ሰው ሁሉ ግን ከገበያ ነው ገዝቶ የሚያስገባው። እትዬ «በገዛ እጄ» ያለችው ጓሮ ያለው ወይን ትዝ ብሏት ነው። በጭንቅ ጊዜ አፍ ይሰፋል። ሰው ሲጨንቀው በቅሎ ይሳላል፤ ሲድን ቀስ ብሎ በቅሎዋን ያያታል።

በጥር ወንድ ልጅ ተወለደ። የደስ ደስ ያለው፣ የሚያለቅስ፣ ደህና ልጅ። እትዬ ኮላ ድባ ወርዳ አልማዝን አርሳ ተመለሰች። እልል ብላ ገባች፤ እልልታው ሳያልቅ ወይኑ ሥር ቆመች።

«ይልማ» አለችኝ። «ባላስገባስ?»

«ምነው እትዬ፣ ገና ግንቦት መቼ ደረሰ?»

«ልጁን ተቀብያለሁ እኮ። እኔ ግን ምንም አልሰጠሁም። የሰጠችኝን መልሳ ብትጠይቀኝስ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ባላስገባስ?» የቤታችን የሰላምታ ቃል ሆነ። ጠዋት እንዴት አደርህ የሚለኝ የለም። «ባላስገባስ?» ነው።

መጀመሪያ የመጣው ጭንቀት የሃይማኖት ነው። ይኼን ወይን የተከለው ጣሊያን ነው። ጣሊያን ደግሞ ካቶሊክ ነው። ታዲያ ካቶሊክ የተከለው ወይን ለእኛ ቅዳሴ ይሆናል ወይ? አትሳቅ። እኔም ልስቅ ብዬ ነበር፤ ግን የተማርኩትን ሁሉ ባገላብጥ መልሱን አጣሁት። እትዬ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል ሄደች። አባ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አያስጨንቃቸውም። «የተከለው ማን ነው አትበይ፣ ያበቀለው ማን ነው በይ» አሏት። ደስ ብሏት ተነሣች። ከበሩ ስትደርስ ግን ተመለሰች። «አባቴ፣ ለማንኛውም ጠበል ይረጩልኝ።» አባ መጡና ወይኑን ከሥር እስከ ጫፍ ረጩት። እንዲህ ሆኖ ወይናችን ክርስትና ተነሣ። ስም ብቻ ነው ያልወጣለት።

ሁለተኛው ጭንቀት ቅምሻ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የታሰበ ፍሬ አይቀመስም። ጊዜውም ዐቢይ ጾም ነው። ታዲያ ሳይቀምሱ መብሰሉን በምን ያውቃሉ? በማየት። እትዬ አየችው፣ ጠቁሯል፤ ቆረጠችው። ዘለላውን በሰፌድ ላይ ዘርግታ ግቢው መሐል በጠፍር አልጋ ላይ አስቀመጠችው። ፀሐዩ ደህና ነው። ዶሮዎቹ ታስረዋል። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

ወይዘሮ ዘርፌ መጣች።

ወይዘሮ ዘርፌ ጎረቤታችን ናት። ቤቷ ከእኛ በላይ፣ ከዳገቱ ላይ ነው። ደግ ሴት ናት፤ ባል የሞተባት፣ ልጅ የሌላት። አንድ ጉድለት ብቻ ነው ያለባት። ያየችውን ታደንቃለች፣ አድንቃ ግን ዝም ትላለች። እኛ አገር እንዲህ አይደረግም። «ምን ያለች ሸጋ ጊደር!» ካልህ «ከሰው ዓይን ያውጣት» ትላለህ፣ እንትፍ እንትፍ ትላለህ፣ ከዚያ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ወይዘሮ ዘርፌ ግን ትላልቅ ዓይኖቿን ታፈጥና ታደንቃለች፣ ከዚያ በቃ። እንትፍታውን ለባለቤቱ ትተወዋለች።

ወይኑ አጠገብ ቆመች። አየችው። ጎንበስ ብላ ደግማ አየችው።

«ምነው እንዲህ ያለ ሸጋ ወይን! ዕድሜዬን እንዲህ ያለ አላየሁ» አለች።

እትዬ ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። ዶሮዎቹም የጠበቁ መሰለኝ። ምንም የለም። ወይዘሮ ዘርፌ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

እግሯ ከበር እንደወጣ እትዬ ሳጥኗን ከፍታ ጋቢ አወጣች። ወይኑን ሸፈነችው። ጋቢው አልበቃ አላትና በላዩ ቡሉኮ ደረበች።

«እትዬ» አልኩ፣ «ፀሐይ ካላየው እንዴት ይደርቃል?»

«ፀሐይዋ ከላይ ትገባለች።»

«በቡሉኮ?»

«አንተ ዝም በል! ትምህርትህ ስለ ዓይን ምን ያውቃል?»

እውነቷን ነው፤ ስለ ዓይን የተማርኩት የለም። ወደ ትምህርት ቤቴ ሄድኩ። ወይኑ በቡሉኮ ሥር እንደ ወባ በሽተኛ ያልበው ጀመር። ከትምህርት ቤት በመጣሁ ቁጥር ግቢው የሚሸት ነገር አለ። መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ኋላ ይከረፍፋል። እትዬ በጾም ጠጅ ጣለች እንዴ ብዬ በሆዴ አማሁ። በመጨረሻ ቡሉኮው ሲገለጥ፣ እግዚኦ! የወይን ገንፎ ነው። ፈልቷል፣ ሻግቷል። ዝንቦቹ የስዕለት መሆኑን አልሰሙ ኖሮ ሰክረው ከግድግዳ እየተላተሙ ይበራሉ።

እትዬ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ቁጭ አለችና «አየህ ዓይኗን?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ዓይን አለ እንበል። ቡሉኮም እኮ አለ።»

አልሰማችኝም። የተበላሸውን ተሸክማ ወይኑ ሥር ቀበረችው። የስዕለት ነገር አይጣልም። «የዘርፌ ዓይን ዘቢቤን በላው» የሚለው ወሬም በዚያው ሰሞን ከግቢያችን ወጥቶ ሰፈሩን ዞረ። እኔ አላወጣሁትም። እትዬም አላወጣሁትም ትላለች። ወሬ መቼም በር አያንኳኳም።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? በማግሥቱ አያ ዓለሙ መጡ። አያ ዓለሙ ከኮላ ድባ በአህያ ጤፍ እየጫኑ ጎንደር የሚመላለሱ ሰው ናቸው፤ የአልማዝ ጎረቤት ስለሆኑ ደህንነቷን የምንሰማው ከእሳቸው ነው። «ሁሉ ደህና ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ልጁን ብቻ ትንሽ ሳል ብጤ ይዞታል» አሉ።

እትዬ የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ።

«አያ ዓለሙ፣ ይጠባል?»

«ይጠባል።»

«ያለቅሳል?»

«አሳምሮ ያለቅሳል። እኛን አላስተኛ ብሎ የለም?»

«የሚያለቅሰው እንዴት ነው? በጉልበት ነው ወይስ በድካም?»

አያ ዓለሙ ግራ ገባቸው። ስለ አህያ ቢጠየቁ ይመልሱ ነበር። «ሸጋ ለቅሶ ነው» ብለው ወጡ። እትዬ ወደ እኔ ዞረች። ያን ጊዜ «ባላስገባስ?» አላለችም። ፊቷ ላይ ግን ተጽፎ ነበር። እኔም፣ በሳልና በዘቢብ መካከል ዝምድና የለም ብዬ የማስተምር ሰው፣ የዚያን ለት አፌን ሞልቼ የለም ማለት አልቻልኩም።

ከወይኑ በስተጥላ በኩል፣ ዘግይቶ የበሰለ ጥቂት ዘለላ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ የለም። ሚያዝያ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ በጣና በኩል ደመና ብቅ ማለት ጀምሯል። ይኼ ከተበላሸ የዘንድሮ ስዕለት አለቀ።

«ገልጠን ነው የምናደርቀው» አልኩ፣ መምህር መሆኔ ትዝ ብሎኝ።

«ዓይንስ?»

«ሰው የማያየው ቦታ እናስቀምጠው።»

አሰበች። ቀና አለች። «ጣራው ላይ!» አለች።

ጥሩ ሐሳብ ነው። ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። ዶሮ አይደርስበትም። መሰላል ተውሼ፣ ሰሌን አንጥፌ፣ ዳርና ዳሩን በድንጋይ አስይዤ ወይኑን ዘረጋሁት። ሠርቼ ስጨርስ ወገቤን ላቃና ብዬ ቆምኩ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ዳገቱን። ቤቱ ሁሉ ከነደጃፉ እኔን ያያል። ቅዳሴ የሚወርድ፣ ገበያ የሚሄድ፣ ሁሉ ከዚያ መንገድ ላይ ሆኖ ጣራችንን እንደ መሶብ ይመለከታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ፊት ለፊት፣ የወይዘሮ ዘርፌ ደጅ።

ከማጀት ለሚኖር ሰው የገዛ ጣራው አይታየውም። እትዬ ከታች ሆና መሰላሉን ይዛለች።

«ይልማ! ምን ይታይሃል?»

«ሰማይ» አልኩ፣ ቀና ብዬ። ቅኔ ቤት በከንቱ አላደግሁም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ወጥቼ እዘረጋለሁ፣ ማታ ወጥቼ ጠል እንዳይመታው በሰሌኑ እጠቀልላለሁ። ባልደረቦቼ «መምህር ዛሬም ከሰገነት ላይ ናቸው?» ይሉኛል። ይበሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ዳገቱን በወረድኩ ቁጥር ሰው ቆሞ ወደ ጣራችን ሲጠቁም አያለሁ። እትዬ ብትሰማ ያቺኑ ለት ቡሉኮዋን ተሸክማ መሰላል ትወጣለች።

ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አንድ ቅዳሜ ቀን ከቤት ቁጭ ብለን ሳለ ጣራው «ኳ!» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ኳ!»። እትዬ አማተበች።

«ቆርቆሮው ነው» አልኩ። «በሙቀት ሲለጠጥ እንዲህ ይላል።» ሳይንስ ነው፣ አስተምሬዋለሁ።

ማታ ስወጣ ከዘለላው መሐል ጠጠር አገኘሁ። ክብ፣ ልቅም ያለ ጠጠር። ቆርቆሮ ሲለጠጥ ጠጠር አይወልድም። ኪሴ ከተትኩት። በማግሥቱም ሌላ ነበር። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔም ጠረጠርኩ። ውጤት የነፈግሁት ተማሪ ይሆን? በካቶሊክ ወይን ቅዳሴ ሊያረክስ ነው የሚል ቀናተኛ ይሆን? መንገድ ስሄድ የሰውን እጅ እጅ ማየት ጀመርኩ።

እትዬ ግን መጠርጠር አላስፈለጋትም። ቤት የሚወግር ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። «ሰይጣን ስዕለቴን ሊያስቀርብኝ ነው» ብላ አባ ወልደ ሩፋኤልን አመጣች። አባ ግቢ ቆመው ጸሎቱን ጀመሩ። ጠበሉን ወደ ጣራው ሊረጩ እጃቸውን ሲያነሡ «ኳ!» አለ፤ ጠጠሩም ተንከባልሎ ከእግራቸው ሥር ዱብ አለ። «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጠጠሩን አዩት። ጣራውን አዩት። አንዲት ወፍ ከጣራው ጫፍ ተነሥታ እየጮኸች ሄደች።

«ይኼ ሰይጣን» አሉ አባ ቀስ ብለው፣ «ዒላማ ያውቃል።»

እየሳቁ የሄዱ መስሎኛል፤ እትዬ ግን ለጸሎት ሲቻኮሉ ነው አለችኝ።

ዘቢቡ ግን ይደርቅ ነበር። ይኼ ነው የገረመኝ። ዝናቡ በጣና በኩል እያንጎራጎረ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ወፍ አልነካውም፤ በዚያ ሰሞን ወፍ ማስፈራሪያ ቢሰቅሉለት እንኳ አይመለስም ነበር። ፍሬው እየተኮማተረ፣ እየጠቆረ፣ እየጣፈጠ ሄደ። መጣፈጡን ያወቅሁት በማሽተት ነው። አልቀመስኩም።

ለግንቦት ልደታ ዋዜማ እትዬ ዘቢቡን በአዲስ ነጭ ጨርቅ ቋጥራ አስገባች። አባ ፈትተው አሸተቱት፣ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ሸጋ ዘቢብ ነው። እመቤታችን ትቀበልልሽ» አሏት። እትዬ ከዚያ እስከ ቤት ድረስ ምንም አልተጨነቀችም። ይህን ያህል ሰላም አይቼባት አላውቅም፤ እኔን ራሴን አስጨነቀችኝ።

በማግሥቱ አልማዝ ከኮላ ድባ ልጇን አዝላ መጣች። ሳሉ ጠፍቷል፤ ለቅሶው ግን አለ። መቼም ልደታ ደጅ ነው የሚከበር፤ ሰፈርተኛው ንፍሮውን ይዞ ዳገቱ ሥር ካለው ዋርካ ጥላ ተሰበሰበ። እትዬ የልጅ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጁ ተሸፍኗል። ነጠላ፣ በነጠላው ላይ ጋቢ። እንዳለ የምናውቀው በድምፁ ነው።

ወይዘሮ ዘርፌ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። እትዬ ልጁን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችው።

«ዘቢቡ ደርሶ ለቅዳሴ ሲውል በማየቴ ደስ ብሎኛል» አለች ወይዘሮ ዘርፌ። «ክንዴ እስኪዝል ነው የደከምኩበት።»

«ምን አደረግሽ አንቺ?» አለች እትዬ።

«ወፉን ነዋ! እኔ እኮ ደንብያ ነው ያደግሁ፣ ማማ ላይ ሆኜ ማሽላ ስጠብቅ። ወንጭፍ ከያዝኩ ወፍ አያመልጠኝም። መምህሩማ» አለችና ወደ እኔ ዞራ ሳቀች፣ «ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ሰማይ ያያል። ወፉ ከኋላው ይለቅማል።»

ኪሴ ውስጥ ያለው ጠጠር ከበደኝ።

እትዬ አመድ መሰለች። «ከ... ከደጅሽ ጣራው ይታያል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ሌላ ምን ይታየኛል? ከጠዋት እስከ ማታ ዓይኔን ከጣራችሁ አላነሣሁም!»

ንፍሮ የያዘ እጅ ሁሉ በአየር ላይ ቀረ። ወይዘሮ ዘርፌ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የዘርፌ ዓይን በላው መባሉን ሰምቻለሁ፣ አሰገደች። ልጅ በሌላት ሴት ላይ እንዲህ ማለት ይቀላል። አልቀየምሁሽም። ዓይኔ ካበላሸ ዓይኔ ይጠብቀው ብዬ ነው ደጄ ላይ የዋልሁ።»

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእንዲህ ያለው ይመስለኛል። እትዬ መሬቱን አየች። ጣራችንን ቀና ብላ አየች። ከዚያ፣ ወዳጄ፣ በዓይኔ ባላይ አላምንም፣ ጋቢውን ገለጠችው። ነጠላውንም ገለጠችው። ልጁን አንሥታ በወይዘሮ ዘርፌ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

ወይዘሮ ዘርፌ ትላልቅ ዓይኖቿን አፈጠጠች። ልጁም አፈጠጠ።

«ምን ያለ ሸጋ ልጅ ነው!» አለች።

ጠበቅን። ሌላ ምንም አላለችም። እትዬ ከንፈሯን ነከሰች፣ ግን ፈገግ አለች። እኔም እንባዬ መጣ። በልቤ፣ ይኸው እህቴ በመጨረሻ ከጭንቀቷ ዳነች፣ ከዘቢብ ትልቅ ትምህርት ተማረች አልኩ። እንዲያውም ለተማሪዎቼ የምነግረውን ማሰማመር ጀምሬ ነበር።

ወይዘሮ ዘርፌ ንፍሮ ልትጨምር ስትነሣ፣ እትዬ ልጁን መልሳ ወሰደችው። ሦስቴ እንትፍ እንትፍ አለችበት። ነጠላውን አለበሰችው። ጋቢውን ደረበች።

«ምነው እትዬ?» አልኩ በሹክሹክታ። «ዓይኗ ጠባቂ እንጂ ጎጂ አለመሆኑን አሁን አላየሽም?»

«አይቻለሁ» አለችኝ፣ ጠርዙን ጠበቅ እያደረገች። «አሳምሮ ያደርቃል። ይኼ ግን ዘቢብ አይደለም።»